ማስረጃን መሠረት ያደረገ ሕክምናን ለኢንተርንና ለሬዚደንት ማስተማር፦ ከአልጋ ዳር ተነሥቶ ወደ አልጋ ዳር የሚመለስ የአንድ ሰዓት ትምህርት

በብዙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ጆርናል ክለብ የሚባለው ሰዓት የሚያልፈው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ተራው የደረሰው ሬዚደንት፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለ ሐኪም፣ በቴሌግራም የተላከለትን ጽሑፍ ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው በስላይድ ገልብጦ ያነባል፤ አንድ ሲኒየር «የናሙናው ቁጥር አንሷል» ብሎ አስተያየት ይሰጣል፤ አቅራቢው ይመሰገንና ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። በማግሥቱ ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ያ ጽሑፍ አይነሣም፣ የማንም ታካሚ ትእዛዝም በእሱ ምክንያት አይለወጥም። እኔም ይህንኑ ሰዓት ለሁለት ዓመት ያህል በዚሁ መንገድ ስመራ ቆይቼ፣ አንድ ቀን አንዲት ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) «ዶክተር፣ ይህ ጥናት 14 ቁጥር አልጋ ላይ ስላለው ልጅ ምን ይላል?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከልጁ አልጋ ነው።

ችግሩ ያለው በአቅራቢው ትጋት ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመና 23 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ እንዳሳየው፣ ከታካሚ ተነጥሎ በክፍል ውስጥ ብቻ የተሰጠ ትምህርት ዕውቀትን ከፍ ቢያደርግም ክህሎትን፣ አመለካከትንና የዕለት አሠራርን አልለወጠም፤ ከክሊኒክ ሥራው ጋር ተዋሕዶ የተሰጠው ግን አራቱንም አሻሽሏል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ስለዚህ ሁሉም በአንድ የታካሚ ጥያቄ ላይ የቆሙ ናቸው።

ለምሳሌነት ይዤ የምዘልቀው የሕፃናት ክፍልን ጥያቄ ነው፦ ትኩሳት ይዞት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ልጅ ፈሳሽ በቦለስ፣ ማለትም ብዙውን በአጭር ጊዜ፣ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? በዚህ ላይ ፊስት የተባለው ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታትሟል። የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የመተንፈሻ ማሽን በሌላቸው ሆስፒታሎች የተሠራ ስለሆነ፣ ውጤቱም አብዛኛው ሐኪም ከጠበቀው ተቃራኒ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ትምህርት ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

## ዝግጅት፦ ከአንድ ሳምንት በፊት

1. ጽሑፉን ራሳችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዛችሁ ታካሚዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ እነማን እንዳልተካተቱና ዋናው ውጤት በየትኛው ሠንጠረዥ እንዳለ ምልክት አድርጉ። ይህን ሥራ ለሬዚደንቱ ትታችሁ ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ ሰዓቱ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ መሪው ጽሑፉን እዚያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው ነው።

2. ከጽሑፉ ሦስት ገጽ ብቻ አትሙ፦ የአሠራር ዘዴው ያለበትን፣ የታካሚዎቹ የመነሻ ሁኔታ ሠንጠረዥ ያለበትንና ዋናው ውጤት ያለበትን። መደምደሚያውን አታድሉ። መደምደሚያው እጁ ላይ ያለ ተማሪ ቁጥሩን አይመለከትም።

3. ጽሑፉን አስቀድማችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ። ኢንተርኔቱ በሰዓቱ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ በወረቀትና በነጭ ሰሌዳ ብቻ መካሄድ መቻል አለበት። ፕሮጀክተር አያስፈልግም።

4. ቡድኑን ከ8 እስከ 12 ሰው አድርጉት። ከዚያ ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት፤ የኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይናገርምና ወንበሮቹን በክብ አኑሩ።

5. የክፍሉን ኃላፊ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በሰዓቱ የሚነሣው ጥያቄ ክፍሉ የለመደውን አሠራር ሊነካ እንደሚችል፣ ዓላማው ግን ማንንም ማጋለጥ እንዳልሆነ ንገሯቸው። ይህን ሳታደርጉ ከገባችሁ ጥያቄ ያነሣው ኢንተርን በኋላ ዋጋ ሊከፍል ይችላል፤ ተጠያቂዎቹም እናንተ ናችሁ።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከራውንድ ላይ ውሰዱ

ማክሰኞ ጠዋት ነው እንበል። ሌሊት የገባ የሦስት ዓመት ልጅ አለ፤ ትኩሳት ይዞታል፣ ይፈዝዛል፣ ትንፋሹ ፈጣን ነው። አር ዋኑ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንቱ፣ የልጁን የጣት ጥፍር ተጭኖ ይለቅና ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል፤ አራት ላይ ያቆማል። ከዚያ ካርዱ ላይ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በፍጥነት እንዲሰጥ ይጽፋል። «ለምን?» ስትሉት «ሾክ ስለሆነ»፣ ማለትም የደም ዝውውሩ ስለተዳከመ፣ ይላችኋል። የሳምንቱ ጥያቄ የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአልጋ ዳር ሕክምናን ለትምህርት ብላችሁ አታዘግዩ። ልጁን ራሳችሁ መርምራችሁ፣ በሥራ ላይ ባለው መመሪያ መሠረት ወዲያውኑ ወስኑ፤ ጥያቄውን ግን አታስመልጡት። እኔ የምጠቀመው ባዶ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ነው። በላዩ ላይ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መልሱን ፈልጎ የሚያመጣውን ሰው ስምና መልሱ የሚቀርብበትን ቀን እጽፍና ለሬዚደንቱ እሰጠዋለሁ። የታካሚውን ስም አትጻፉ። ቃል ብቻ ከሆነ ጥያቄው ከሰዓት በኋላ ይረሳል፤ ጋዎን ኪስ ውስጥ የገባ ማዘዣ ግን የትምህርቱ ቀን እስከሆነው ሐሙስ ድረስ ይቆያል።

ጥያቄ ካልተገኘ፦ በራውንዱ ላይ «እንዲህ ነው የምንሰጠው» የሚለውን አባባል አድምጡ። ይህ በተባለበት ቦታ ሁሉ ሊመረመር የሚችል ጥያቄ አለ።

## ደረጃ 2፦ ጥያቄውን በአራት ክፍል አስቆርጡ (10 ደቂቃ)

ፒኮ የሚባለውን ቅርጽ ሰሌዳው ላይ በአራት መስመር ጻፉና ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሙሉት።

ታካሚው፦ ከባድ ትኩሳት ይዞት የደም ዝውውሩ የተዳከመ፣ ተቅማጥ የሌለው ልጅ።
እርምጃው፦ ፈሳሽ በቦለስ መስጠት።
ንጽጽሩ፦ ያለ ቦለስ፣ የዕለት ፍላጎቱን የሚሸፍን ፈሳሽ ብቻ ቀስ ብሎ መስጠት።
ውጤቱ፦ በ48 ሰዓት ውስጥ መሞት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው «ፈሳሽ ለሾክ ይጠቅማል ወይ?» የሚል ሰፊ ጥያቄ ነው። «ለየትኛው ልጅ? ከምን ጋር ሲነጻጸር?» እያላችሁ እስኪጠብብ ድረስ መልሱላቸው። «ሾክ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን ወደ መማሪያ መጽሐፍ ላኩት፤ በጥናት ፍለጋ የሚመለስ አይደለም።

ሁለተኛው በውጤቱ መስመር ላይ ያለው ነው። አብዛኛው ተማሪ «የደም ግፊት መሻሻል» ወይም «የጥፍሩ ቀለም ቶሎ መመለስ» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው አታርሙት። ሰሌዳው ላይ በአንድ ጥግ ጻፉለትና ተዉት፤ በደረጃ 5 ትመለሱበታላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ፍለጋውን በፊታቸው አድርጉ (10 ደቂቃ)

ሬዚደንቱ ሐሙስ ሲመጣ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘውም ማሳየት አለበት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. መጀመሪያ የተጠቃለለውን ፈልጉ፦ የጤና ሚኒስቴርንና የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ፣ ቀጥሎ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን የሚያጠቃልሉትን የኮክሬን ግምገማዎች።
2. ከዚያ የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ወደሆነው ፐብሜድ ግቡ። ከፒኮው ውስጥ ታካሚውንና እርምጃውን ብቻ ውሰዱና የእንግሊዝኛ ቃሎቻቸውን ጻፉ። አራቱንም መስመር በአንድ ጊዜ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱ ባዶ ገጽ ይሆናል።
3. ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ቃላት «ኦር» በሚለው፣ የተለያዩትን ሐሳቦች «ኤንድ» በሚለው አገናኙ።
4. ክሊኒካል ኩዌሪስ የሚባለውን ማጣሪያ ከፍታችሁ የጥያቄውን ዓይነት ምረጡ፤ የእኛ ምሳሌ የሕክምና ጥያቄ ነው።
5. ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ ከጠየቀ በሂናሪ፣ ማለትም አቅም ላነሳቸው አገሮች ተቋማት የሕክምና ጽሑፎችን በሚከፍተው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም፣ በኩል ሞክሩ። የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ በተመዘገበው ተቋም ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ይገኛል፤ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። የይለፍ ቃሉን ማንም የማያውቀው ከሆነ፣ ከሚቀጥለው ትምህርት በፊት የምትሠሩት የመጀመሪያ ሥራ እሱን ማግኘት ነው።

ፍለጋው በሺህ የሚቆጠር ውጤት ካመጣ የዕድሜ ገደብና የጥናት ዓይነት ጨምሩ። ምንም ካላመጣ አንድ ቃል ቀንሱ። አሥሩ ደቂቃ ካለቀ አቁሙና ያዘጋጃችሁትን ወረቀት አድሉ፤ ፍለጋ ደስ ስለሚል ሰዓቱን በልቶ ይጨርሳል።

## ደረጃ 4፦ ጽሑፉን በሦስት ጥያቄ ብቻ መርምሩ (15 ደቂቃ)

ረጅም የመመዘኛ ቅጽ አትስጡ። ሃያ ሣጥን የሚሞላ ተማሪ ጽሑፉን ትቶ ሣጥኑን ያነባል። ለሕክምና ጥናት እነዚህ ሦስቱ ለመጀመሪያው ስድስት ወር ይበቃሉ፤ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አስቀምጧቸውና መልሱን የያዘውን ዓረፍተ ነገር በወረቀቱ ላይ በእስክርቢቶ እንዲያሰምሩበት አድርጉ። ያልተሰመረበት መልስ አትቀበሉ።

አንደኛ፦ ልጆቹ በየቡድኑ የገቡት በዕጣ ነው? መዳቢው ሐኪም ቀጣዩ ልጅ የት እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር? በፊስት ምደባው ብርሃን በማያሳልፍ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ ፖስታዎቹም በተራ ቁጥራቸው ይከፈቱ ነበር። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ተማሪዎቹ ካልገባቸው፣ «ዱቲ ላይ ብትሆኑና ቀጣዩ ፖስታ ቦለስ የለውም የሚል መሆኑን ብታውቁ፣ በጣም የታመመውን ልጅ ታስገቡት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብለው ይተያያሉ፤ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ በዕጣ የገቡት ሁሉ በገቡበት ቡድን ተቆጥረዋል? ጠፍተው የቀሩ ስንት ናቸው?

ሦስተኛ፦ ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር? በፊስት ያውቁ ነበር፤ ቦለስን መደበቅ አይቻልም። እዚህ ላይ አንዱ ተማሪ «እንግዲያው ጥናቱ አይረባም» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ልማድ ስለሆነ ጊዜ ወስዳችሁ አቃኑት። ዕውቀቱ ውጤቱን ሊያዛባ የሚችለው በምን በኩል ነው? ዋናው ውጤት «ሕመሙ ቀነሰ» የሚል ግምት ቢሆን ኖሮ ብዙ ያዛባ ነበር፤ ሞት ግን ለአስተያየት የተጋለጠ አይደለም። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ የብዙው ሐኪም እምነት ወደ ቦለስ ያዘነበለ ነበር፤ እምነቱ ውጤቱን ጎትቶት ቢሆን ኖሮ ቦለሱን ባስወደደው ነበር። ተማሪው «ጉድለት አለው» ብሎ እንዲያቆም አትፍቀዱለት፤ «ጉድለቱ መልሱን ወዴት ይጎትተዋል?» የሚለውን እስኪመልስ ያዙት።

ጥናቱ ሊመዘግብ ካቀደው 3600 ልጆች 3141 ላይ ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የታካሚዎቹን ደኅንነት በሚከታተለው ኮሚቴ ምክር አስቀድሞ መቆሙ ከተነሣ አትለፉት። አስቀድሞ የቆመ ጥናት የውጤቱን መጠን አግንኖ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህኛው ግን የቆመው ከዕቅዱ አብዛኛው ከተመዘገበ በኋላና ጉዳት ስለታየ ነው።

## ደረጃ 5፦ ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ አስቆጥሩ (10 ደቂቃ)

ተማሪዎች «ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች ነው»፣ ማለትም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፣ ብለው የሚያመልጡት በዚህ ላይ ነው። ቃሉን ለአሥር ደቂቃ ከልክሏቸውና እነዚህን ቁጥሮች ከወረቀቱ አውጥተው እንዲጽፉ አድርጉ።

አልቡሚን (ከደም የሚገኝ ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ) በቦለስ፦ ከ1050 ልጆች 111 ሞቱ።
ሳላይን በቦለስ፦ ከ1047 ልጆች 110 ሞቱ።
ያለ ቦለስ፦ ከ1044 ልጆች 76 ሞቱ።

ሀ. ሁለቱን የቦለስ ቡድኖች ደምሩ፦ ከ2097 ልጆች 221።
ለ. ሁለቱንም ወደ 1000 ልጅ ቀይሩ፦ በቦለስ 105፣ ያለ ቦለስ 73።
ሐ. ቀንሱ፦ ከሺህ ልጅ 32 ተጨማሪ ሞት። ይህ ቁርጥ ያለው (አብሶሉት የሚባለው) የስጋት ልዩነት ነው።
መ. 1000ን ለ32 አካፍሉ፦ ቦለስ ከተሰጣቸው 31 ያህል ልጆች መካከል አንድ ተጨማሪ ልጅ ይሞታል።
ሠ. አሁን ብቻ አንጻራዊውን፣ ማለትም የአንዱ ቡድን ስጋት የሌላውን ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ አውጡ፦ ጽሑፉ 1.45 ይላል፤ ማለትም የመሞት ዕድሉ በ45 በመቶ ጨምሯል።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። «45 በመቶ» የሚለው ቀድሞ ከተሰማ ከሺህ 32 መሆኑ ይሰወራል። ይህንኑ ልምምድ መድኃኒት በሚያስተዋውቅ ወረቀት ላይ ስትደግሙት፣ በአንጻራዊ ቁጥር ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ ምን እንደሚደብቅ ተማሪው ራሱ ያገኘዋል።

ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን፣ ማለትም እውነተኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለውን ክልል፣ ለማስተማር ትርጓሜውን አታንብቡ፤ ሁለቱን ጫፎች ውሰዱና ወደ ልጆች ቀይሯቸው። የፊስት ከ1.13 እስከ 1.86 ነው። እውነቱ በታችኛው ጫፍ ቢሆን ከሺህ ወደ 9 ወይም 10 ተጨማሪ ሞት፣ በላይኛው ጫፍ ቢሆን ወደ 63 ነው። ከዚያ ጠይቁ፦ «በታችኛው ጫፍ ቢሆንስ አሠራራችሁን ትለውጣላችሁ?» መልሱ በሁለቱም ጫፍ አንድ ከሆነ ጥናቱ ለመወሰን በቂ ነው፤ በአንዱ ጫፍ አዎ፣ በሌላው አይ ከሆነ ገና ነው። ከዚህ የተሻለ አጭር ማብራሪያ አላውቅም።

አሁን በሰሌዳው ጥግ ወደተዋችሁት «የጥፍሩ ቀለም ቶሎ መመለስ» ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የዚሁ ጥናት ተከታይ ትንተና መሠረት፣ ቦለስ የወሰዱት ልጆች የሾክ ምልክታቸው በመጀመሪያው ሰዓት ከሌሎቹ ይልቅ ተሻሽሎ ነበር፤ የሞቱት ግን እነሱ በዙ። ይህን ከተናገራችሁ በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ምንም አትበሉ። አልጋ ዳር ቆሞ በዓይኑ መሻሻል ያየ ሐኪም ለምን ሊሳሳት እንደሚችል ተማሪው የሚያምነው በዚህ ቁጥር ፊት ብቻውን ሲቀር ነው።

## ደረጃ 6፦ ወደ ልጁ ተመለሱ (15 ደቂቃ)

ብዙዎች ትምህርቱን በደረጃ 5 ይዘጉታል። አትዝጉት፤ በግማሽ መንገድ የቆመ ማስረጃ ታካሚን ይጎዳል። የዚህን አደጋ መጠን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ፊስት ተቅማጥ ያለባቸውን፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱትን፣ የተቃጠሉትንና አደጋ የደረሰባቸውን ልጆች አላካተተም። «ቦለስ ይገድላል» የሚለውን አርእስት ብቻ ይዞ የወጣ ኢንተርን፣ ማታ ዱቲ ላይ በተቅማጥ ፈሳሹ አልቆ ለመጣ ልጅ ፈሳሽ ቢከለክል ልጁ ይሞታል። ለዚያ ልጅ በዓለም ጤና ድርጅት ዕቅድ መሠረት የሚሰጠው በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ነው፦ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በቀጣዩ 5 ሰዓት፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ 30ው በ30 ደቂቃ፣ 70ው በሁለት ሰዓት ተኩል። ይህን ሳትናገሩ ከክፍሉ አትውጡ።

በዚህ ደረጃ አራት ጥያቄ በቅደም ተከተል ጠይቁ።

1. የእኛ ልጅ ወደ ጥናቱ ይገባ ነበር? የመግቢያ መስፈርቱ ከባድ ትኩሳት ያለው ሕመም ሆኖ፣ የንቃት መቀነስ ወይም የመተንፈስ ችግር ወይም ሁለቱም፣ በዚያም ላይ ቢያንስ አንድ የደም ዝውውር መዳከም ምልክት ነበር። ግማሽ ከሚበልጡት ልጆች ወባ ነበረባቸው፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከባድ የደም ማነስ፣ ነበር። ወባ በሌለበት ደጋ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አንሡትና አከራክሩ።

2. ጥናቱ ያልመለሰው ምንድን ነው? የደም ግፊታቸው በጣም የወረደ 29 ልጆች ለብቻ ተይዘው ሁሉም ቦለስ ወስደዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ያለ ቦለስ ምን ይሆን እንደነበር ከዚህ ጽሑፍ ማንም ሊናገር አይችልም።

3. መመሪያው ምን ይላል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው መመሪያ፣ አንድ ወይም ሁለት ምልክት ብቻ ላለው ልጅ በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ እንዳይሰጥ፣ የዕለት ፍላጎቱ ብቻ እንዲሰጠው ይመክራል። ሦስቱም ምልክቶች፣ ማለትም የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የጥፍሩ ቀለም ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ መውሰድና ደካማና ፈጣን የልብ ምት፣ አንድ ላይ ሲገኙ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለ ጊዜ ይሰጣል፤ ከባድ የደም ማነስ ካለ ደግሞ በተቻለ ፍጥነት ደም ይሰጣል።

4. እኛ ምን መረጃ አለን? እዚህ ላይ የማክሰኞውን ልጅ ካርድ አስከፍቱ። አር ዋኑ የጻፈው የጥፍሩን ቆጠራ ብቻ ነው፤ እጁ ይቀዝቅዝ ይሙቅ፣ የልብ ምቱ ይድከም ይጠንክር አልተጻፈም። በዚህ ካርድ መወሰን አይቻልም። ይህን የማገኘው በአንድ ጽሑፍ አይደለም፤ የማስረጃ ትምህርት በሰጠሁባቸው ሰዓቶች ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻ ላይ የሚጎድለው ጥናት ሳይሆን የአልጋ ዳር ምርመራ ሆኖ ይገኛል። አር ዋኑን አትውቀሱት። ለሚቀጥለው የሚገባ ልጅ ሦስቱም ምልክቶች እንዲጻፉ እሱ ራሱ በመቀበያው ቅጽ ላይ መስመር እንዲጨምር ኃላፊነቱን ስጡት።

በመጨረሻ ስለ ቤተሰቡ ጠይቁ። እናትየው ግሉኮስ እንዲሰቀልላት ትጠብቃለች፤ «መርፌም ጉሉኮስም አልሰጡኝም» ብላ ልትሄድ ትችላለች። ሬዚደንቱ ምክንያቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ያለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጮክ ብሎ ያስረዳ። ካልቻለ ደረጃ 5ን አልተረዳም ማለት ነው፤ ወደዚያ መልሱት።

## ሰዓቱ ሲበላሽ የሚደረግ

ሁሉም ዝም ካሉ፦ ሰው መርጣችሁ አትጠይቁ። ጥያቄውን ለጥንድ ስጡ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ «እናንተ ሁለታችሁ ምን ላይ ተለያያችሁ?» በሉ። ልዩነቱን መናገር መልስ ከመስጠት ይቀላል።

ሲኒየሩ ከጥናቱ ተቃራኒ የሆነ ነገር በራውንድ ላይ ካዘዙ፦ ተማሪው በታካሚ ፊት እንዳይከራከር አስተምሩት። ቃሉን ጭምር ስጡት፦ «ዶክተር፣ በዚህ ላይ አንድ ጥናት አንብቤ ነበር፤ ቢፈቅዱልኝ ከራውንድ በኋላ ላሳይዎት።» ይህን አንድ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አስለማምዱት። የታዘዘው ታካሚውን ወዲያው የሚጎዳ መስሎ ከታየው ግን ከራውንድ በኋላ አይጠብቅም፤ እዚያው ለቅርቡ ኃላፊ ይናገራል። ይህን ልዩነት ግልጽ ማድረግ የእናንተ ድርሻ ነው። ሲኒየር ከሆናችሁ ደግሞ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ይህን አላውቀውም፤ እንፈልገው» በሉ። እናንተ ካላላችሁት ማንም አይለውም።

ተማሪው ጽሑፉን ሁሉ ካጣጣለ፦ «ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አለህ? ከሌለህ ዛሬ ማታ ለሚመጣው ልጅ በምን ትወስናለህ?» ብላችሁ መልሱለት።

አንድ ሰው ስለ ስታቲስቲክስ ዝርዝር ወደ ጥልቅ ክርክር ከገባ፦ ጥያቄውን በማዘዣ ወረቀት ጻፉና ለሚቀጥለው ሳምንት ለእሱው ስጡት።

## የምርመራ ጥያቄ ሲሆን፦ የቪዳል ልምምድ

ጥያቄው ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለ ላቦራቶሪ ምርመራ ከሆነ ደረጃ 4ና 5 ይለወጣሉ። ለትኩሳት ሁሉ የሚታዘዘው ቪዳል፣ ማለትም የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ «ታይፎይድ ወጣብኝ» ብሎ ወረቀት ይዞ የማይመጣ ታካሚ የለምና። ሴንሲቲቪቲ (የታመመውን የማግኘት አቅም) እና ስፔሲፊሲቲ (ያልታመመውን የመለየት አቅም) የሚሉትን ቃላት ከማንሣታችሁ በፊት በሰው ቁጥር አስቆጥሩ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለልምምድ ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ የቪዳልን ትክክለኛ አቅም አያሳዩም።

ትኩሳት ካላቸው 1000 ሰዎች 100ው በእርግጥ ታይፎይድ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት ከመቶ 90ውን ያገኛል፤ ካልታመሙት ከመቶ 10ሩን በስህተት «አለበት» ይላል። ተማሪዎቹ ይቁጠሩ፦ በትክክል 90፣ በስህተትም 90፤ ስለዚህ «አለበት» ከተባሉት ግማሹ የላቸውም። አሁን የታመሙትን ከ100 ወደ 10 አውርዱት፤ በትክክል 9፣ በስህተት 99 ይሆናል። ከ108 «አለበት» የተባሉ ሰዎች የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከመታዘዙ በፊት የነበረው ግምት ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪው ምርመራ ሲያዝ «ከማዘዜ በፊት ግምቴ ስንት ነው?» ብሎ ቁጥሩን ካርዱ ላይ እንዲጽፍ ለአንድ ሳምንት እዘዙት።

## ደረጃ 7፦ መዝግቡ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ቁጠሩ

ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ገጽ ብቻ አስቀምጡ፦ ከላይ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ዋናው ቁጥር፣ ከዚያ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ፣ ከታች ቀኑና የሚከለስበት ጊዜ። «ለማን እንደማይሠራ» የሚለው መስመር ባዶ ከሆነ ገጹን አትስቀሉት። ገጹን የዱቲ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚከፍተው የለም።

ተማሪ መማሩን በፈተና ብቻ አትለኩ። ከአራት ሳምንት በኋላ ከዚያ ወዲህ የገቡና ትኩሳት የነበራቸው የ20 ልጆችን ካርድ አውጡ፤ አር ዋኑና አንዲት ኢንተርን አብረው ይቁጠሩ። ሦስቱም ምልክቶች የተጻፉባቸው ስንት ናቸው? አንድ ወይም ሁለት ምልክት ብቻ እያላቸው ቦለስ የታዘዘላቸውስ? ተቅማጥ እያለባቸው ፈሳሽ የዘገየባቸው አሉ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ልጅ እንኳ ከተገኘ ደረጃ 6ን በዚያው ሳምንት፣ ሌሊት የሚሠሩትን ሁሉ ጠርታችሁ ድገሙት፤ ሌላ ጽሑፍ አትጀምሩ።